ቦርጭና ኩላሊት፦ ከወገባችን የሚጀምር ጥንቃቄ

(በናይሮቢ በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በጤና ንዑስ ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)



 የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ጤና አንድ ነገር እንድንናገር ሲጠይቀን፣ በደስታ ቀን ስለ በሽታ ማውራት ይከብዳል ያሉ ከመካከላችን ነበሩ። በመጨረሻ የተስማማነው ግን ማኅበር የሚቋቋመው ለደስታም ለችግርም ነው በሚለው ነው። ባለፉት ዓመታት በዚህ ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን አብረን ሠርግ ደግሰናል፣ ክርስትና አንሥተናል፣ ፋሲካንና ዒድን አክብረናል፣ ያረፉ ወገኖቻችንንም ወደ አገራቸው አፈር ሸኝተናል። ለታመመ ወገን ገንዘብ ለማሰባሰብ የስም ዝርዝር የያዘ ወረቀት ሲዞር ያላየ በዚህ አዳራሽ አለ ብለንም አንገምትም። ከእነዚያ ወረቀቶች ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀውና በአንድ ጊዜ መዋጮ የማያበቃው «ለኩላሊት እጥበት» የሚለው ነው። ስለዚህ ዛሬ የመረጥነው ርእስ ኩላሊት ነው። የምንጀምረው ግን ከቦርጭ ነው፤ ምክንያቱንም እንደሚከተለው እናስረዳለን።

ቦርጭ የድሎት ምልክት ነውን?

በባህላችን ቦርጭ ክፉ ስም አልነበረውም። አገር ቤት ለዕረፍት ስንሄድ «ተመችቶሃል፣ ወፍረሃል፣ አምሮብሃል» እየተባልን ነው የምንሳመው። ከስቶ የሄደ ሰው ግን «ምነው፣ ታመህ ነበር እንዴ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጎረቤቶቻችን ኬንያውያንም ቦርጭን «ኪታምቢ» ይሉታል፤ በእነርሱም ዘንድ ብዙ ጊዜ የተሳካለት ሰው ምልክት ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። እጦትን ባየ ሕዝብ ዘንድ ይህ አስተሳሰብ የሚያስገርም አይደለም። ዛሬ ሐኪሞች ቦርጭን የሚያዩት ግን በሌላ ዓይን ነው።

በሰውነታችን ውስጥ ስብ የሚጠራቀመው በሁለት ዓይነት ቦታ ነው። አንደኛው ከቆዳ ሥር ያለው፣ በጣታችን ቆንጠጥ አድርገን ልንይዘው የምንችለው ነው። በዳሌና በጭን ላይ የምናየው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ሁለተኛው ከሆድ ጡንቻ በስተኋላ በአንጀት፣ በጉበትና በኩላሊት ዙሪያ የሚጠራቀመው የውስጥ ስብ ነው። ይህ የውስጥ ስብ እንደ ጎተራ እህል ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም። እንደ ዕጢ ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃል፤ ከእነዚህም መካከል የደም ግፊትን የሚጨምሩ፣ ኢንሱሊን ሥራውን በሚገባ እንዳይሠራ የሚያደርጉና የደም ሥሮችን የሚያስቆጡ ይገኙበታል። በመሆኑም ሁለት ሰዎች በሚዛን ላይ እኩል ኪሎ ቢመዝኑም፣ የአንዱ ስብ ዳሌው ላይ የሌላው ደግሞ ሆዱ ውስጥ ከሆነ አደጋቸው እኩል አይሆንም።

ኩላሊት የሚታመመው ዝም ብሎ ነው

ኩላሊቶቻችን ሁለት ናቸው። እያንዳንዳቸው የጭብጥ ያህል ሆነው ከወገብ ከፍ ብሎ በጀርባ በኩል፣ በአከርካሪ አጥንት ግራና ቀኝ ይገኛሉ። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ በአማካይ 1 ሚሊዮን የሚሆኑ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ወንፊቶች አሉ። እነዚህ ወንፊቶች በቀን ወደ 180 ሊትር የሚሆን ፈሳሽ ከደም ያጠልላሉ፤ ሰውነት የሚፈልገው ተመልሶ ይገባና ከ1 እስከ 2 ሊትር ያህሉ በሽንት መልክ ይወጣል። ኩላሊት ከዚህም ሌላ የደም ግፊትን ይቆጣጠራል፣ ቀይ የደም ሴል እንዲመረት ያዝዛል፣ ለአጥንት ጥንካሬም ያገለግላል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አነጋገር እናንሣ። ብዙዎቻችን ወገባችንን ሲያመን «ኩላሊቴን አመመኝ» ወይም «ኩላሊቴን ብርድ መታኝ» እንላለን። እንዲህ ያለው ሕመም ብዙውን ጊዜ ከጀርባ ጡንቻና ከአከርካሪ የሚመጣ ነው። በእርግጥ ጠጠርና ኢንፌክሽን ኩላሊትን ያሳምማሉ። ነገር ግን ዛሬ የምንነጋገርበት ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ በአብዛኛው ሕመም የለውም። ኩላሊት ከግማሽ በላይ አቅሙን አጥቶም ሰውዬው ወደ ሥራው ይሄዳል፣ ይበላል፣ ይጫወታል። እግር ማበጥ፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ የቆዳ ማሳከክ የሚመጡት በአመዛኙ በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። «ምንም አላመመኝምና ደኅና ነኝ» የሚለው ለኩላሊት የማይሠራውም ለዚህ ነው።

በሕክምናው አነጋገር የኩላሊት የማጥለል አቅም በደቂቃ ከ60 ሚሊ ሊትር በታች ሆኖ ወይም በሽንት ውስጥ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ከመጠን በላይ እየወጣ ከ3 ወር በላይ ከቆየ፣ ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ይባላል። አቅሙ ከ15 በታች ሲወርድ ኩላሊት ደከመ ይባላል፤ በዚህን ጊዜ የሚቀረው እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ነው። በዓለም ዙሪያ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ወደ 850 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል። ከእነዚህም ብዙዎቹ መታመማቸውን አያውቁም።

ቦርጭ ኩላሊትን እንዴት ይጎዳል?

መንገዶቹ ብዙ ናቸው። ዋና ዋናዎቹን በሦስት እናጠቃልላቸው።

አንደኛው የሥራ ብዛት ነው። የወንፊቶቹ ቁጥር ከተወለድን በኋላ አይጨምርም፤ ሰውነት ሲገዝፍ ግን የሚጠልለው ደም ይጨምራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ወንፊት በድርብ ፈረቃ እንደሚሠራ ሠራተኛ ከአቅሙ በላይ ይሠራል። መጀመሪያ ላይ ሠራተኛው የበረታ ይመስላል፤ በላቦራቶሪ ሲታይም ኩላሊት ከመደበኛው በላይ ሲያጠልል ይገኛል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ወንፊቱ ይሰፋል፣ ይቆስላል፣ ፕሮቲን ማሳለፍ ይጀምራል፣ በመጨረሻም ጠባሳ ይሆናል። በጣም የወፈሩ ሰዎች በሽንታቸው ብዙ ፕሮቲን እንደሚያጡ በሕክምና መጽሔት የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው።

ሁለተኛው ግፊት ነው። በኩላሊት ዙሪያና በመሐሉ የሚጠራቀመው ስብ ኩላሊትን ይጫነዋል። የውስጥ ስብ የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮችም ኩላሊት ጨው እንዲይዝ ያደርጉታል። ጨው ሲያዝ ውኃ ይከተለዋል፤ የደም ግፊት ከፍ ይላል። ከፍ ያለው ግፊት ደግሞ ተመልሶ እነዚያኑ ጥቃቅን ወንፊቶች ይመታል።

ሦስተኛው ስኳር ነው። ቦርጭ ኢንሱሊንን ያሰንፋል፤ ኢንሱሊን ሲሰንፍ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ይጨምራል። በዓለም ላይ ኩላሊትን በማድከም ግንባር ቀደም የሆኑት የስኳር በሽታና የደም ግፊት መሆናቸው የታወቀ ነው። ቦርጭ ሁለቱንም ይጋብዛል።

«የኔ ኪሎ ደኅና ነው፣ እጄና እግሬ ቀጭን ነው፣ ሆዴ ብቻ ነው» የሚል አይጠፋም። በኔዘርላንድስ ግሮኒንገን ከተማ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነበር፤ ስባቸው ወደ ሆድ ያደላ ሰዎች ኪሎአቸው ባይበዛ እንኳ የኩላሊት ሥራ መጓደል በበለጠ ታይቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የወጣ፣ ከ13 ሺህ በላይ ሰዎችን በአማካይ ለ9 ዓመታት የተከታተለ ጥናት ደግሞ፣ ወደፊት ማን በኩላሊት በሽታ እንደሚያዝ በማመልከት ረገድ ከኪሎና ከቁመት ስሌት ይልቅ የወገብና የዳሌ ልኬት የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ ማለት ቦርጭ ያለው ሁሉ ኩላሊቱን ይታመማል፣ ቀጭን የሆነ ሁሉ ይድናል ማለት አይደለም። አደጋው ከፍ ይላል፣ የማወቂያውም መንገድ በእጃችን አለ ማለት ነው።

ስደትና ወገባችን

ይህ ጉዳይ ከአገራቸው ወጥተው የሚኖሩ ቤተሰቦችን ለይቶ የሚመለከትበት ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎች ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን፣ ሲገቡ አብዛኞቹ ቀጫጭኖች ነበሩ፤ የስኳር በሽታም ብዙም አይታይባቸውም ነበር። ኑሮና አመጋገብ ሲለወጥ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሽታው በመካከላቸው እየበዛ መሄዱን የዚያ አገር ሐኪሞች ጽፈዋል። ደም አልተለወጠም፤ የተለወጠው አኗኗር ነው።

የእኛንም ኑሮ እንይ። ገጠር ያደጉ አባቶቻችን ገበያ የሚሄዱት በእግራቸው ነበር። እኛ ግን በመኪናና በማታቱ ተቀምጠን በትራፊክ መጨናነቅ ሰዓታት እናሳልፋለን፤ ሱቅ ያለን ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ ነን፤ የረጅም መንገድ ሾፌር የሆኑ ወንድሞቻችንም ቀናቸውን የሚያሳልፉት ከመሪ ጀርባ ነው። ጠዋት ማንዳዚና ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ቀን ቺፕስና ሶዳ፣ ማታ እንጀራ፣ ቅዳሜና እሑድ ኛማ ቾማና ቢራ። የሁለቱን አገር ገበታ አንድ ላይ አጣምረናል፤ የሁለቱንም አገር የእግር ጉዞ ግን ትተናል። ልጆቻችንም ይህንኑ እያዩ ነው የሚያድጉት።

ወገባችንን እንዴት እንለካ?

የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር ብቻ ነው። ቆም ብለን፣ ልብሳችንን ገለጥ አድርገን፣ ከታችኛው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ሜትሩን በዙሪያችን እናዞራለን። ሆድን ወደ ውስጥ መሳብ አይፈቀድም፤ ትንፋሽ ወጥቶ ሆድ ላላ እንዳለ እናነባለን። ወንዶች የቀበቶ ቁጥራችሁን አትመኑ፤ ቀበቶ ብዙ ጊዜ የሚታሰረው ከቦርጭ በታች ነውና።

በሰፊው በሚሠራበት መመዘኛ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጥንቃቄ መጀመር አለበት፤ ለወንድ ከ102፣ ለሴት ከ88 በላይ ሲሆን አደጋው ከፍተኛ ነው። እነዚህ ቁጥሮች በዋናነት ከአውሮፓውያን የተወሰዱ ስለሆኑ፣ የአፍሪካውያን ወንዶች መነሻ ከዚያ ዝቅ ሊል እንደሚገባ የጠቆሙ ጥናቶች አሉ። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን ቀላል መመሪያ እንስጣችሁ፦ ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ አይብለጥ። ቁመቱ 170 የሆነ ሰው ወገቡ ከ85 በታች ይሁን። ሜትር ከሌለ በቁመታችሁ ልክ ሲባጎ ቁረጡ፣ ለሁለት እጠፉት፣ በወገባችሁ ዙሪያ ይድረስ እንደሆነ ሞክሩት። ካልገጠመ መልእክቱ ግልጽ ነው። ነፍሰ ጡር እናቶች ይህ ልኬት አይመለከታቸውም።

ወገቡ ያለፈ፣ የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት፣ ወይም ከቤተሰቡ ኩላሊቱን የታመመ ሰው ያለው ሁሉ ሁለት ምርመራ ይጠይቅ። አንደኛው የደም ክሬያቲኒን ሲሆን ሐኪሙ የማጥለል አቅምን ያሰላበታል፤ ሁለተኛው የሽንት አልቡሚን ነው። አንዱ ብቻውን አይበቃም፤ ክሬያቲኒን ደኅና ሆኖ ሽንት አስቀድሞ የሚናገርበት ጊዜ አለና። የደም ግፊትንም በዚያው አስለኩ።

ምን እናድርግ?

ለሆድ ስብ ብቻ የተለየ ስፖርት የለም። ተኝቶ መነሣት የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል እንጂ በላዩ ያለውን ስብ ለይቶ አያነሣም። የሚሠራው መላውን ሰውነት ማንቀሳቀስና አበላልን ማስተካከል ነው። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ማለትም በሳምንት 5 ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ ይመከራል። ከማታቱ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድም እርምጃ ነው።

በገበታችን ላይ ብዙ መልካም ነገር አለ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የጤፍ እንጀራ፣ የኬንያው ሱኩማ ዊኪ የሚናቁ አይደሉም። የሚያበላሻቸው የዘይቱ ብዛትና የእንጀራው ቁጥር ነው። የጾም ምግብ ነው ተብሎ ዘይት ያለ ልክ ቢፈስበት ለወገብ ጾም አይሆንም፤ በረመዳን ማፍጠሪያም ሳምቡሳና ጣፋጭ እንዲሁ ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ የሚሆን ስኳር አለው። ጨው ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ በሚጥሚጣ ውስጥ ያለውንም አትርሱት። ሲጋራ ለኩላሊትም ጠላት ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። አንደኛ፣ ቦርጭ ያጠፋል ተብሎ የሚሸጥ እንክብልና ሻይ አትመኑ። በቤልጂግ ብራስልስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለመክሳት ብለው የቻይና ዕፅ ያለበት መድኃኒት የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው ደክሟል፤ ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1993 በሕክምና መጽሔት ወጥቶ ዓለም አወቀው፣ የተጎጂዎቹም ቁጥር ከመቶ አልፏል። ቦርጭን ሸሽተው ኩላሊታቸውን አጡ። ሁለተኛ፣ ለወገብና ለራስ ምታት ከመድኃኒት ቤት እየገዛን በየቀኑ የምንውጣቸው እንደ ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ በተለይ ግፊት፣ ስኳር ወይም የደከመ ኩላሊት ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አይውሰዳቸው። «ኩላሊቴን አመመኝ» ብሎ ኩላሊትን የሚጎዳ ክኒን መዋጥ ምን ያህል እንደሚያሳዝን እናንተው ፍረዱ።

የምሥራችም አለን። የስኳር ሕመምተኞች ሆነው ኪሎ ለመቀነስ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ጠንካራ ክትትል የተደረገላቸው ሰዎች ከፍተኛ አደጋ ባለው የኩላሊት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ31 በመቶ መቀነሱን በአሜሪካ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ሴማግሉታይድ የተባለው መርፌ ስኳርና የኩላሊት በሽታ አብረው ባሉባቸው ሰዎች ላይ ከባድ የኩላሊት ጉዳትንና ሞትን በ24 በመቶ መቀነሱ ተረጋግጧል። መድኃኒቱ ውድ ነው፤ ያለ ሐኪምም አይሞከርም። እግራችን ግን ዋጋ አይጠይቅም።

ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ

ኩላሊቱ የደከመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል ከእጥበት መሣሪያ ጋር ተያይዞ ይውላል። ሥራው ይስተጓጎላል፣ ቤተሰቡ ይናጋል። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ይሁን እንጂ ለጋሽ ይፈልጋል፣ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒትም አለው። ወገን ሲታመም ማዋጣታችንን አናቆምም፤ ያ ባህላችን ነው። ነገር ግን ለእጥበት ከምናዋጣው ጥቂቱን ለመከላከል ብናውለው፣ ያ ወረቀት የሚዞርበት ጊዜ ይቀንሳል ብለን እናምናለን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በየወሩ በሚደረገው የእድር ስብሰባ በር ላይ አንድ ሜትርና አንድ የደም ግፊት መለኪያ ይቀመጥ፤ ከመካከላችን ያሉት ነርሶች ተራ ገብተው ይለካሉ፣ ውጤቱም ለባለቤቱ ብቻ ይነገራል። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ መጋቢት ላይ፣ በወሩ ሁለተኛ ሐሙስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሚከበረው የዓለም የኩላሊት ቀን ሰሞን፣ አቅም ለሌላቸው አባላት የደምና የሽንት ምርመራ ወጪ ከማኅበሩ ይሸፈን። ሦስተኛ፣ በግብዣዎቻችን ላይ ከሶዳው ጎን ውኃ፣ ከጥብሱ ጎን ጎመን አይጥፋ፤ እናቶቻችንም «ብላ፣ በሞቴ» ሲሉ አንድ ጉርሻ ይብቃቸው።

የወፈረውን ሰው ማሾፊያ እንድናደርገው ግን አንሻም። ሐፍረት ማንንም አላከሳም፤ ከሐኪም የሚያስደብቅ ብቻ ነው። ባል ሚስቱን፣ ልጅ አባቱን በፍቅር ይለካ። እኛም የንዑስ ኮሚቴው አባላት ሜትሩን አስቀድመን በራሳችን ወገብ ላይ እናዞራለን።

የዛሬ 25 ዓመት ማኅበራችን የወርቅ ኢዮቤልዩውን ሲያከብር፣ ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ ሁሉ በጤና እንድትገኙ እንመኛለን።